ካታንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትጫወቱ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ካታንን የሚመለከቱ ስለሆኑ ገጹን ሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል። ካታን ጀርመናዊው ክላውስ ቶይበር የፈጠረው፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣና በዚያው ዓመት በጀርመን «የዓመቱ ጨዋታ» ተብሎ የተሸለመ የገበታ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾች በአንዲት ደሴት ላይ እንጨት፣ ሸክላ፣ ሱፍ፣ ስንዴና ማዕድን ይሰበስባሉ፣ ይለዋወጣሉ፣ በዚያም መንገድ፣ መንደርና ከተማ ይሠራሉ። ቀድሞ 10 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ካታን ይዞልኝ መጣ። አራት ጓደኛሞች ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል፤ ከመካከላችን ጨዋታውን የሚያውቅ የለም። መመሪያውን ገለጥ አድርጌ ስለበዛብኝ ዘጋሁት። ከየት እንጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከእርስዎ ይጀምራል። ከአራታችሁ አንዱ አርብ ማታ ሳጥኑን ከፍቶ ካልተዘጋጀ፣ ቅዳሜ የመጀመሪያው ሰዓት ካርቶን በመፈልቀቅና መመሪያ በማንበብ ያልቃል። ሰው የሚሰለቸው ያኔ ነው፤ የተሰላቸን ሰው ደግሞ ወደ ጨዋታ መመለስ ከባድ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን ይቁጠሩ። ለ3 እና ለ4 ሰው በሚሆነው መደበኛ ሳጥን ውስጥ 19 ባለ ስድስት ጎን የመሬት ቁራጮች አሉ፦ 4 ደን (እንጨት)፣ 4 የግጦሽ መስክ (ሱፍ)፣ 4 የስንዴ ማሳ፣ 3 የሸክላ ኮረብታ፣ 3 ተራራ (ማዕድን) እና ምንም የማይሰጥ 1 በረሃ። ባሕሩን የሚሠሩት 6 የጠርዝ ክፍሎች ናቸው። በመሬቶቹ ላይ የሚቀመጡ 18 ክብ ቁጥሮች አሉ፤ 2 እና 12 አንድ አንድ፣ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ናቸው፤ 7 የለም። የሀብት ካርዶቹ 95 ናቸው፣ በየዓይነቱ 19። በሀብት የሚገዙትና እገዛ ወይም ነጥብ የሚሰጡት የልማት ካርዶች 25 ናቸው። እያንዳንዱ ቀለም 5 መንደር፣ 4 ከተማና 15 መንገድ አለው። ሁለት ዳይስ፣ አንድ ሽፍታ (7 ሲወጣ እየተነሳ የተቀመጠበትን መሬት ገቢ የሚያግድ ቁራጭ)፣ «ረጅሙ መንገድ» እና «ትልቁ ጦር» የሚባሉ 2 ነጥብ 2 ነጥብ የሚያስገኙ ሁለት ልዩ ካርዶችም ይኖራሉ። ቁጥሩ ከጎደለ ቅዳሜ ሳይሆን አርብ ማወቁ ይሻላል።

ከዚያ መመሪያው ላይ ለጀማሪ ተብሎ የተሳለውን ደሴት እንዳለ ይገጣጥሙ። በዚያ ሥዕል ላይ መሬቱም፣ ቁጥሩም፣ የእያንዳንዱ ተጫዋች የመጀመሪያ ሁለት መንደርና ሁለት መንገድም ተወስኗል። ብዙ ሰው «ይህማ የሕፃን ነው» ብሎ ይዘለውና መሬቱን በውዝ ይዘረጋል። አትዝለሉት። ጨዋታውን ገና ያልተጫወተ ሰው መንደር የት ቢያስቀምጥ እንደሚያዋጣው የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ በመጀመሪያው ደቂቃ የተሠራ ስህተት ደግሞ እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። ተዘጋጅቶ የተሰጠው አቀማመጥ አራቱንም በተመጣጠነ ቦታ ያስጀምራል።

ገበታው ሲዘረጋ ግማሽ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ በዙሪያው የካርድ ክምርና የእያንዳንዱ ሰው ዕቃ ይጨመርበታል። ስለዚህ ሰፊ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ቡናው በሌላ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ፤ ካርዱም መሬቱም ወረቀትና ካርቶን ስለሆነ አንዴ ከራሰ አይመለስም።

ጓደኞችዎ ከመጡ በኋላ ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ከግቡ ይጀምሩ፦ 10 ነጥብ። መንደር 1 ነጥብ ነው፣ ከተማ 2 ነጥብ ነው። ቀጥሎ ዳይስ አንዴ ጥለው ያሳዩ፤ 8 ከወጣ 8 የተጻፈበትን መሬት የሚነካ መንደር ያለው ሁሉ፣ ተራው የማንም ይሁን የማን፣ ከባንክ (ከጋራው የሀብት ካርድ ክምር) አንድ ካርድ ይወስዳል፤ ከተማ ያለው ሁለት ይወስዳል። በገበጣ ሌላው ሲጫወት እጅዎን አጣጥፈው ነው የሚጠብቁት፤ እዚህ ግን በሌላው ተራም ይከፈልዎታል፣ ይህን አስቀድሞ የተረዳ ሰው ስልኩን አይነካም። ሦስተኛው ዋጋ ነው፦

መንገድ፦ 1 እንጨት፣ 1 ሸክላ።
መንደር፦ 1 እንጨት፣ 1 ሸክላ፣ 1 ሱፍ፣ 1 ስንዴ።
ከተማ፦ 3 ማዕድን፣ 2 ስንዴ (በራስዎ መንደር ላይ ይተካል)።
የልማት ካርድ፦ 1 ሱፍ፣ 1 ስንዴ፣ 1 ማዕድን።

ይህ በእያንዳንዱ ተጫዋች የዋጋ ካርድ ላይ በሥዕል ስላለ ማንም በቃል መያዝ የለበትም። ጽሑፉ በማያውቁት ቋንቋ ከሆነ ከላይ ያለውን በአማርኛ በአራት ወረቀት ጽፈው ያድሉ።

ከዚያ የርቀትን ሕግ ይናገሩ፦ በሁለት መንደሮች መካከል ቢያንስ ሁለት የመንገድ ርዝመት መኖር አለበት፤ መንደር የሚቀመጠው በመሬቶቹ ማዕዘን ላይ ነው፤ የራስም ሆነ የሌላ ሰው መንደር ካለበት ማዕዘን አጠገብ ባለው ማዕዘን ላይ መሥራት አይቻልም። መጨረሻ ላይ 7 ሲወጣ የሚሆነውን (ዝርዝሩ ከታች አለ) ይንገሯቸው። እሱን የደበቀ አስተማሪ ቂም ያተርፋል። የልማት ካርዶችን ዝርዝር ግን አንድ ሰው እስኪገዛ ይተዉት፤ ሰው ያላየውን ነገር ሲነገረው አይዘውም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ሁላችሁም ካርዳችሁን ፊት ለፊት ገልጣችሁ ተጫወቱ። «አንተ እኮ መንገድ መሥራት ትችላለህ» መባባል የሚቻለው ካርዱ ሲታይ ነው። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ይሸፈን።

ጥያቄ፦ ሁለት ጊዜ ተጫውተናል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከጅምሩ ካርድ አጥቼ ተመልካች ሆኜ ጨረስኩ። ዕድሌ ነው ወይስ አቀማመጤ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አንዱ ጨዋታ ዕድል ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ከሆነ ግን የመንደሮችዎን ቦታ እንመርምር፤ በካታን ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መንደሮች የሚበልጥ ውሳኔ የለም።

ሁለት ዳይስ ሲጣል 36 ዓይነት ውጤት ሊመጣ ይችላል። 7 በ6 መንገድ ይመጣል። 6 እና 8 እያንዳንዳቸው በ5፣ 5 እና 9 በ4፣ 4 እና 10 በ3፣ 3 እና 11 በ2፣ 2 እና 12 በ1 መንገድ ብቻ። በክብ ቁጥሮቹ ላይ ከቁጥሩ ሥር የተደረደሩት ትንንሽ ነጠብጣቦች የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ 6 እና 8 አምስት አምስት ነጠብጣብ አላቸው፣ በቀይም ተጽፈዋል። ስለዚህ አንድ ማዕዘን ጥሩ መሆኑን ለማወቅ የሚነካቸውን ሦስት መሬቶች ነጠብጣብ ይደምሩ። 6፣ 9 እና 4 የሚገናኙበት ማዕዘን 5+4+3=12 ነጠብጣብ አለው፤ በ36 ውርወራ ወደ 12 ካርድ ይጠበቅበታል። 8፣ 3 እና 12 የሚገናኙበት ግን 5+2+1=8 ብቻ ነው። በዓይን ሲታይ ሁለተኛውም ቀይ 8 ስላለው ያማልላል፤ ልዩነቱ ግን በጨዋታው ርዝመት ብዙ ካርድ ነው።

ድምሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ሁለት መንደርዎ በአንድ ዓይነት ቁጥር ላይ ከተቀመጡ ያ ቁጥር ሲመጣ ይጠግባሉ፣ ሲጠፋ ይራባሉ፣ በመካከልም ሽፍታው አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ገቢዎን ይይዛል። አምስት ወይም ስድስት የተለያየ ቁጥር መንካት ይሻላል። የባሕር ዳርቻም ይጠንቀቁ። ወደብ (ከባንክ ጋር በተሻለ ዋጋ የሚለወጥበት ቦታ) ላይ ያለ ማዕዘን ሁለት መሬት ብቻ፣ አንዳንዴም አንድ ብቻ ይነካል። ጀማሪ ወደቡን አይቶ ይሄድና የሚነግደውን ካርድ የሚያመጣለት መሬት ያጣል። ወደብ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው መንደር የሚደረስበት ነገር ነው።

ከዚያ ሀብቱን ይመልከቱ። ደን፣ መስክና ማሳ አራት አራት ሲሆኑ ሸክላና ማዕድን ሦስት ሦስት መሬት ብቻ አላቸው፤ በዚያ ላይ ቁጥራቸው የከፋ ከሆነ በዚያ ገበታ ላይ ይወደዳሉ። ሦስቱ የሸክላ ኮረብታዎች 3፣ 11 እና 2 ደርሷቸው ከሆነ ሁሉም በአንድነት 5 ነጠብጣብ ብቻ ናቸው፤ በዚያ ጨዋታ ሸክላ ያለው ሰው ገበያውን ይመራል። መንደር ከማስቀመጥዎ በፊት የአምስቱን ሀብቶች ድምር በዓይንዎ ይቃኙ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለት ዓይነት አካሄድ አለ፣ ሁለቱም ያሸንፋሉ። አንዱ እንጨትና ሸክላ ይዞ መስፋፋት ነው፦ ሦስተኛ መንደር ለመሥራት ብዙውን ጊዜ አንድ ተጨማሪ መንገድና መንደሩን መክፈል ያስፈልጋል፣ ይህም 2 እንጨት፣ 2 ሸክላ፣ 1 ሱፍና 1 ስንዴ ነው። ሌላው ማዕድንና ስንዴ ይዞ ያሉትን ሁለት መንደሮች ቶሎ ወደ ከተማ መለወጥና የልማት ካርድ መግዛት ነው። የሚጎዳው ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ መያዝ ነው፤ ለምሳሌ እንጨት ያለ ሸክላ፣ ማዕድን ያለ ስንዴ። እንዲህ ያለው ሰው እጁ ሙሉ ሆኖ ምንም አይሠራም፣ ከዚያ 7 ይመጣል።

የማስቀመጡ ተራ ደግሞ ይመለሳል፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፤ ከዚያ አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ። አራተኛው ሰው ሁለቱን መንደሮቹን በተከታታይ ስለሚያስቀምጥ የሚደጋገፉ ሁለት ቦታዎችን አንድ ላይ ማቀድ ይችላል፤ አንደኛው ምርጡን ማዕዘን ያገኛል፣ ሁለተኛው መንደሩ ግን ከሁሉም በኋላ የተረፈው ነው። ሁለተኛው መንደር ከሚነካቸው መሬቶች ወዲያው አንድ አንድ ካርድ ይገኛል፤ እንጨትና ሸክላ ካለበት በመጀመሪያ ተራዎ መንገድ መሥራት ይችላሉ።

የመንገዱንም አቅጣጫ ያስቡ። ወደ ደሴቱ መሀል የሚያመራ መንገድ ሌሎቹ መንደር ሲያስቀምጡ ይዘጋበታል። ወደ ዳርቻና ወደ ወደብ የሚያመራው ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ተራዬ ሳይሆን ከሌላ ጓደኛዬ ጋር ካርድ መለዋወጥ እችላለሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይቻልም። ልውውጡ ሁልጊዜ ተራው ከደረሰው ሰው ጋር ነው። እርስዎ ለእሱ ሐሳብ ማቅረብ ይችላሉ፤ ከሦስተኛ ሰው ጋር ግን በመካከል መነገድ አይፈቀድም። ካርድ በነፃ መስጠትም፣ አንድ ዓይነት ካርድ በዚያው ዓይነት መለወጥም (ለምሳሌ ሁለት ሱፍ በአንድ ሱፍ) የተከለከለ ነው።

ጥያቄ፦ ከእኛ መካከል አንድ ጓደኛችን ካርድ አይለዋወጥም። «ከሰጠሁህ ታሸንፈኛለህ» ይላል። ሌሎቹም እሱን አይተው መድረቅ ጀምረዋል፣ ጨዋታው ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ምን እናድርግ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ጓደኛችሁ በሒሳብ ተሳስቷል፤ ይህን በጨዋነት ብታሳዩት ይለወጣል። አንድ ለአንድ ሲለዋወጡ ሁለቱም ያተርፋሉ፤ የማይለዋወጡት ሁለቱ ግን ባሉበት ይቀራሉ። አራት ሰው ባለበት ጨዋታ ላይ ከአንዱ ጋር የሚነግድ ሰው ከሌሎቹ ሁለት አንጻር ይቀድማል። ከማንም ጋር የማይነግድ ሰው የቀረው ባንኩ ብቻ ነው፤ ባንኩ ደግሞ አንድ ካርድ የሚሰጠው በአራት አንድ ዓይነት ካርድ ነው። ባለ 3 ለ1 ወደብ ላይ መንደር ካለው በሦስት፣ ለአንድ ሀብት ብቻ በተለየ ባለ 2 ለ1 ወደብ ላይ ካለ በሁለት። በደሴቱ ዙሪያ 9 ወደቦች አሉ፦ 4ቱ 3 ለ1፣ 5ቱ ለእያንዳንዱ ሀብት የተለዩ 2 ለ1 ናቸው። እነዚህን ያልያዘ ሰው «አልሰጥም» ሲል አንድ ሸክላ በአራት ሱፍ እየገዛ ነው ማለት ነው።

ለመነገድ የምትጋብዙበት አነጋገርም ይረዳል። «ሸክላ ያለው አለ?» ብሎ መጮህ ደካማ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም ዝም ይላል። «አንድ ስንዴ እሰጣለሁ፣ አንድ ሸክላ እፈልጋለሁ» የተባለ እንደሆነ ሰው ካርዱን ያያል። ከዚያም በላይ የሌላውን ሰው ፍላጎት ገበታው ላይ ማንበብ ይቻላል፦ ማዕድን የሚነካ መንደር የሌለው ሰው ከተማ መሥራት ሲፈልግ ማዕድን ይለምናል፣ ስለዚህ ማዕድንዎን ይዘው ይጠብቁት። ሱፍ ለመንገድም ለከተማም ስለማይገባ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ሱፍ ብቻ ይዞ የሚነግድ ሰው ሁለት ለአንድ ለመስጠት ይዘጋጅ። ሁለት ሰጥቶ አንድ መቀበል በዚያችው ተራ የሚያስገነባ ከሆነ አያከስርም፤ ለሚቀጥለው ተራ ለማስቀመጥ ከሆነ ግን አትስጡ።

መቼ ነው መከልከል ያለባችሁ? 8 ነጥብ ላይ የደረሰን ሰው። ከ8 በኋላ አንድ ከተማና አንድ የተሸሸገ የድል ካርድ (1 ነጥብ የሚሰጥ የልማት ካርድ) ጨዋታውን ይጨርሳሉ። ያን ጊዜ መከልከሉ ትክክል ነው። በሁለተኛው ዙር መከልከል ግን የራስን ገቢ ማሳነስ ነው።

ስለ ሦስቱ ሰዓት፦ ለጀማሪ ሁለት ሰዓት አካባቢ የተለመደ ነው፣ የለመደ ቡድን ከዚያ ባነሰ ይጨርሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጫወቱ ከሆነ ግቡን ወደ 8 ነጥብ ዝቅ አድርጉት። እያንዳንዱ ሰው በአንድ ተራ ከሁለት ደቂቃ በላይ እንዳይነግድ ተስማሙ። ዳይሱን የሚጥለው ሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገር፤ ባንኩን ከአንድ ሰው ይልቅ ሁለት ሰው ተካፍሎ ይያዝ፣ አንዱ ሦስት ዓይነት ካርድ፣ ሌላው ሁለት። ጊዜው የሚባክነው ካርድ በማደል ላይ ነው።

ሌላው የመዘግየት ምክንያት ሁሉም መንገድ ብቻ ሲሠራ ነው። መንገድ በራሱ ነጥብ የለውም። 5 መንደር አስቀምጦ የጨረሰ ሰው ስድስተኛ መንደር የለውም፤ አንዱን ወደ ከተማ ሲለውጥ ነው መንደሩ ወደ እጁ የሚመለሰው። ወደ 10 የሚያደርስ አንድ ጤናማ መንገድ ይኸውና፦ 3 ከተማ (6 ነጥብ)፣ 2 መንደር (2 ነጥብ) እና ከሁለቱ ልዩ ካርዶች አንዱ (2 ነጥብ)።

ጥያቄ፦ 7 ሲወጣ ሁልጊዜ እንጣላለን። ማን ካርድ ይጥላል? ስንት? ሽፍታው ባለበት ቢቆይስ? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠቡ ይቀራል።

በመጀመሪያ፣ 7 ሲወጣ ማንም ካርድ አያገኝም። ሁለተኛ፣ ከ7 በላይ የሀብት ካርድ የያዘ ሁሉ፣ ዳይሱን የጣለውም ጭምር፣ ግማሹን ወደ ባንክ ይመልሳል፤ ግማሹ ወደ ታች ይጠጋጋል። 8 የያዘ 4 ይመልሳል፣ 9 የያዘም 4፣ 10 የያዘ 5፣ 11 የያዘም 5። በትክክል 7 የያዘ ምንም አይጥልም። የልማት ካርድ በዚህ ቆጠራ አይገባም። የሚጣለውን ባለቤቱ ይመርጣል። ሦስተኛ፣ ዳይሱን የጣለው ሰው ሽፍታውን ካለበት ማንሳት ግዴታው ነው፤ ባለበት ማቆየት አይቻልም። ወደ በረሃው መመለስ ግን ይቻላል። አራተኛ፣ ሽፍታው ባረፈበት መሬት ዙሪያ መንደር ወይም ከተማ ካላቸው ሰዎች አንዱን መርጦ ከእጁ አንድ ካርድ ሳያይ ይመዛል። ከዚያ በኋላ ብቻ ንግድና ግንባታ ይቀጥላል። ሽፍታው እስካለበት ድረስ ያ መሬት ቁጥሩ ቢወጣም ምንም አይሰጥም።

የሚደባለቀው አንድ ነገር አለ፦ «ፈረሰኛ» የተባለው የልማት ካርድ ሲወጣም ሽፍታው ይንቀሳቀሳል፣ ካርድም ይመዘዛል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ማንም ግማሽ ካርድ አይጥልም። ግማሽ የሚጣለው በዳይስ 7 ብቻ ነው። ፈረሰኛን ዳይስ ከመጣል በፊትም ማውጣት ይቻላል፤ ሽፍታው በምርጥ መሬትዎ ላይ ሲቀመጥ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ከድል ነጥብ ካርድ በቀር በአንድ ተራ አንድ የልማት ካርድ ብቻ ይወጣል፣ በዚያው ተራ የተገዛውም አይወጣም። 3 ፈረሰኛ ቀድሞ ያወጣ «ትልቁ ጦር»ን ይወስዳል፣ 2 ነጥብ ነው። ከ25ቱ የልማት ካርዶች 14ቱ ፈረሰኛ፣ 5ቱ የድል ነጥብ፣ 6ቱ ደግሞ ሦስት ዓይነት እገዛ (ሁለት ሁለት) መሆናቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

ካርድ አከማችቶ መጠበቅ ምን ያህል ያሰጋል? 7 በአንድ ውርወራ ከስድስት አንዱ ነው። ተራዎን ጨርሰው 8 ካርድ ይዘው ቢቀመጡ፣ ለመገንባት ዳግመኛ ተራ እስኪደርስዎ አራት ውርወራ አለ፣ የእርስዎንም ጨምሮ። በአራት ውርወራ ቢያንስ አንድ 7 የመውጣቱ ዕድል ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ 8 ካርድ ካለዎት መንገድም ቢሆን ሠርተው ወይም ባንክ ለውጠው ከ7 በታች ይውረዱ።

ለጀማሪዎች ብዙ ቡድኖች የሚስማሙበት አንድ ማለስለሻ አለ፦ ገና 2 ነጥብ ብቻ ያለው ሰው መሬት ላይ ሽፍታ አይቀመጥም። ይህን በተለይ የተጎዳ ጓደኛ ካላችሁ እንመክራለን። አንድ ሰው ከመጀመሪያው ዙር ተዘግቶበት ሲቀመጥ ማየት ለማንም አያስደስትም፣ ቀጣዩ ቀጠሮም ላይ አይመጣም።

ጥያቄ፦ ስድስት ነን። ሁለት ሰው ይተው እንዴ? (ከዱባይ)

መልስ፦ ማንም አይተው። ለ5 እና ለ6 ሰው የሚሆን ተጨማሪ ሳጥን ለብቻው ይሸጣል፣ መሬቱንም ከ19 ወደ 30 ያሳድጋል። ለመጀመሪያ ቀን ግን እሱን አንመክርም፤ ተራ እስኪደርስ የሚጠበቀው ይረዝማል። ይልቅ ሦስት ጥንድ ሁኑና ሁለት ሁለት ሰው አንድ ቀለም ይያዝ። ከጥንዱ አንዱ ንግዱን፣ ሌላው ግንባታውን ቢመራ ሁለቱም ቶሎ ይማራሉ። የራሳቸው ካርድ ስላልተለየ እርስ በርስ መንሾካሾክ ይፈቀድላቸው።

ጥያቄ፦ የስድስት መንገድ ርዝመት ነበረኝ፣ «ረጅሙ መንገድ»ም በእጄ ነበር። ጓደኛዬ በመንገዴ መካከል መንደር ሠርቶ «ተቆርጧል» አለኝ። ልክ ነው? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ልክ ነው፣ የርቀቱን ሕግ ካልጣሰና የራሱ መንገድ እስከዚያ ማዕዘን ከደረሰ። የሌላ ሰው መንደር ወይም ከተማ መንገድን ለሁለት ይቆርጣል፤ የራስዎ መንደር ግን አይቆርጥም። ስድስቱ በመሀል ተቆርጠው ሦስትና ሦስት ከሆኑ ካርዱን ያጣሉ፤ ለመያዝ ቢያንስ 5 ተከታታይ መንገድ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ረጅሙን የያዘ ሌላ ሰው ካለ ይወስደዋል። ሁለት ሰዎች እኩል ከሆኑ ካርዱ ለማንም ሳይሰጥ አንዱ እስኪበልጥ ወደ ጎን ይቀመጣል።

ሲቆጠር ቅርንጫፍ አይደመርም። መንገዱ ሹካ ሆኖ ከተከፈለ ረጅሙ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚቆጠረው። ዙሮ የተገጠመ ክብ ግን ይቆጠራል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጊዜ። ካርዱን ለመንጠቅ ደግሞ መብለጥ እንጂ እኩል መሆን አይበቃም። ስለዚህ መንገድዎን ሲዘረጉ በመካከሉ ባዶ ማዕዘን ለጠላት አይተዉ፤ አንድ መንደር መሀል ላይ ካስቀመጡ የርቀቱ ሕግ ራሱ ግራና ቀኙን ይጠብቅልዎታል።

ጥያቄ፦ አንድ ክብ ቁጥርና ጥቂት የስንዴ ካርዶች ጠፍተውብናል። መጫወት ይቻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ክቡን ከወፍራም ካርቶን ቆርጣችሁ ቁጥሩንና ነጠብጣቡን ጻፉበት፤ የትኛው እንደጠፋ ለማወቅ 18ቱን ከላይ በተጻፈው ብዛት አመሳክሩ። ስለ ስንዴው ግን ተጠንቀቁ፤ ሱፍ ቢሆን ሁለት ሦስት ካርድ መጉደሉ አይታወቅም ነበር፣ ስንዴ ግን ለመንደርም፣ ለከተማም፣ ለልማት ካርድም ስለሚገባ ባንኩ ቶሎ ያልቅበታል። ባንኩ ካለቀ ደግሞ ሕጉ እንዲህ ይላል፦ በዚያ ውርወራ ለሁሉም የሚደርሳቸውን ለመክፈል የማይበቃ ከሆነ ከዚያ ሀብት ማንም አይወስድም፤ የሚገባው ሰው አንድ ብቻ ከሆነ ግን የቀረውን ይወስዳል። ካርዶቹ እስኪሟሉ ድረስ በጎደሉት ልክ ባቄላ ባንኩ ላይ አኑሩ፣ አንድ ባቄላ አንድ ስንዴ ይሁን። በእጅ ሲያዝ ስለሚታይ ግን ሽፍታ ሲመዝ ዕጣ መውጣት አለበት፦ ባቄላዎቹንም እንደ ካርድ ቆጥራችሁ ለሁሉም በልብ ቁጥር ስጡ፣ መዛዡ ሳያይ ቁጥር ይጥራ።

ጥያቄ፦ በሌላ ሰው ተራ ላይ «ረጅሙ መንገድ» ወደ እኔ ዞሮ 10 ነጥብ ሞላሁ። አሸነፍኩ? (ከመቐለ)

መልስ፦ ገና ነው። ማሸነፍ የሚቻለው በራስ ተራ ብቻ ነው። ተራዎ እስኪደርስ ካርዱ እጅዎ ላይ ከቆየ ያን ጊዜ «ጨረስኩ» ይበሉ፤ በመካከል ሌላው ከቀደመዎት ወይም መንገድዎን ከቆረጠው ጨዋታው ይቀጥላል። የተሸሸጉ የድል ነጥብ ካርዶች ካሉዎት ግን ነጥቡ 10 በሚሞላበት በራስዎ ተራ ላይ፣ በዚያው ተራ የገዙትንም ጨምሮ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግለጥ ይችላሉ።